የተጣለው ሠላሳ

አበዛሽ ገብረማርያም ዓመታትን የምትቆጥረው በግራ እጇ ነው። በአራቱ ጣቶች ላይ ሦስት ሦስት አንጓ አለ፤ በአውራ ጣት ላይ ሁለት። አሥራ አራት። አምስቱ ጥፍሮች ሲጨመሩ አሥራ ዘጠኝ። ከአውራ ጣቷ ሥር ተነስታ በየጣቱ አንጓ በአንጓ ወደ ጥፍሩ ትወጣለች፤ ለአንድ ዓመት አንድ ቦታ። የትንሿ ጣት ጥፍር ላይ ስትደርስ አሥራ ዘጠኙ ሞላ ማለት ነው፤ ተመልሳ ከአውራ ጣቷ ሥር ትጀምራለች።

ይህን ያስተማራት አባቷ ነው። ገብረማርያም ከቡልጋ በድቁና ወጥቶ፣ በምድር ባቡር ሥራ ጅቡቲ ድረስ መጥቶ፣ የፉርጎ መንኮራኩር ዘይት ሲያጠጣ ያረጀ ሰው ነበር። ሀብቱ አንድ የዘይት ጣሳና በቃሉ የያዘው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚወጣበት ስሌት። ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ምሳውን ይዛለት የምትመጣውን ሴት ልጁን ከፉርጎው ጥላ ሥር ያስቀምጥና እጇን ይይዛል።

"ፀሐይና ጨረቃ እንደ ባልና ሚስት ናቸው" ይላት ነበር። "በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ይለያያሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይታረቃሉ። እኛ መሐል ገብተን ሒሳባቸውን እንይዝላቸዋለን።"

አሁን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ወደብ አጠገብ በሚገኝ የልብስ ንጽሕና ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ ወገቧ እምቢ ሲላት ተወችው። ባሏ ጸሐዬ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅ አልወለዱም። ካርቲየ አምስት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ ግድግዳው ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አንድ ክፍል ትኖራለች፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቬንቲላተር፣ አንዲት እጀታዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ካውያ። ነጠላዋን አራቱ ማዕዘን ልክ ለልክ እስኪገጥም ድረስ ትተኩሳለች። የሚያይላት ግን የለም።

በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ትልቅ ወረቀት ትገዛና የዓመቱን ስሌት ከላይ እስከ ታች ትጽፋለች። ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ መንገዱን። ምን ከምን ተደመረ፣ ምን ተጣለ፣ ለምን። ማለዳ ሄዳ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ትለጥፈዋለች። ሰው ይሰበሰባል፣ ስልኩን ያወጣል፣ የመጨረሻዋን መስመር፣ ነነዌ የምትገባበትን ቀን የያዘችውን ብቻ አቅርቦ ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። ከነነዌ ዐቢይ ጾም ይቆጠራል፣ ከዐቢይ ጾም ፋሲካ፤ ሁሉም በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ነውና ለእነሱ ያቺ መስመር ትበቃቸዋለች።

አንድ ዓመት ደፈር ብላ ከቡላኦስ ገበያ የልጆች ጥቁር ሰሌዳ ገዛች። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ሆና ለፈለገ ሁሉ ልታስተምር። በመጀመሪያው እሑድ አራት ሰው መጣ፤ ሁለቱ የመጡት ለጥላው ነው። በሁለተኛው አንዲት ሴት ብቻ መጥታ፣ ልጄን እየጠበቅኩ ነው ብላ ተቀመጠች። በሦስተኛው ማንም አልመጣም። አበዛሽ ጠመኔውን በመሐረቧ ጠቅልላ ስትነሳ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ አማኑኤል ሰሌዳውን ሊሸከምላት ደረሰ። ጉምሩክ የሚሠራ ደግ ሰው ነው።

"እማማ፣ አይዘኑ። ስልክ ላይ አለ እኮ። ዓመቱን ይጽፉለታል፣ እሱ ቀኑን ይነግርዎታል።"

"ከየት እንዳመጣውስ ይነግራል?"

አማኑኤል ስልኩን አወጣና ትንሽ ነካካው። "እሱን እንኳ… አይነግርም።"

"እኔ እሱን ነበር ልነግራቸው የፈለግኩት" አለች። ድምፅዋ ከድሮም ዝቅ ያለ ነው፤ አማኑኤል የሰማት አይመስልም።

ጎረቤቷ ዙለይካ ግን የማትሰማው ነገር የለም። ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ ያገባች፣ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት፤ በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አንድ ሳንቃ ነው። ጠዋት ጠዋት ረጅሙን ዳቦ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለአበዛሽ ታመጣለች።

"እኛ ረመዳን ሲደርስ ወጥተን ሰማይ እናያለን" ትላታለች። "አንቺ ጣትሽን ታያለሽ። ጣትሽ ላይ ጨረቃ ወጥቶ ያውቃል?"

"ወጥቶ ያውቃል።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

"ነይ ቁጭ በዪ።"

"ዘይቴ ይቃጠላል!"

ይህን ተባብለው ይስቃሉ። ሃያ ዓመት እንዲሁ ተባብለዋል፤ ዙለይካ አንድም ቀን ቁጭ ብላ አታውቅም።

ሻሼ የመጣችው በ2016 ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ በሚጋረፍበት፣ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ በሚተኛበት ጊዜ። ከወልድያ ወጣ ካለ ገጠር ተነስታ በረሃውን በእግሯ ያቋረጠች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። አብረዋት የነበሩት ወደ ኦቦክ፣ ወደ የመን ወደሚያሻግረው ጀልባ አለፉ። እሷ ትኩሳት ጥሏት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከውኃው በርሜል ጎን ተኝታ ነው አበዛሽ ያገኘቻት። ወደ ቤቷ ወሰደቻት። አሥራ ሰባት ቀን አልጋዋን ለቃላት እሷ ወለሉ ላይ ተኛች።

ልጅቷ በአራተኛው ቀን ተነስታ ተቀመጠች። ቬንቲላተሩን እያየች፦

"እማማ፣ እዚያ ማዶ ሰው ቤት ስገባ ስልኬን ይቀሙኛል አሉ" አለች። "ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ካላንደር የለ። ጾሙ መግባቱን በምን አውቃለሁ?"

አበዛሽ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ይህን እንዲጠይቃት ስትጠብቅ እንደኖረች የገባት ያን ጊዜ ነው።

"እጅሽን ስጪኝ" አለቻት።

የመሐል ጣቷን ጥፍር ያዘችላት። "ዘንድሮ እዚህ ነን። የዘንድሮ አበቅቴ ሃያ ነው፤ ጨረቃ ፀሐይን የቀደመችው ማለት ነው። ሃያ ሠላሳ እንዲሞላ ስንት ይቀረዋል?"

"አሥር።"

"አሥሩ መጥቅዕ ይባላል። ከአሥራ አራት ካነሰ ጥቅምትን ያዢ፣ ከበለጠ መስከረምን። ጥቅምት አሥር ዘንድሮ ቅዳሜ ነበር። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ቁጥር አለው፤ ቅዳሜ ስምንት አለው። አሥርና ስምንት?"

"አሥራ ስምንት።"

"ጥቅምትን የያዘ ወደ የካቲት ይሄዳል፣ መስከረምን የያዘ ወደ ጥር። እኛ ጥቅምትን ይዘናል። ነነዌ መቼ ገባች?"

ሻሼ ጣቷን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "የካቲት አሥራ ስምንት! እውነት ነው እማማ፣ ያን ቀን ነበር የገባነው!"

"ለከርሞ አበቅቴው ላይ አሥራ አንድ ጨምሪ። ሠላሳ ከሞላ ሠላሳውን ጣዪው፤ ዞረሽ አትዪው።"

ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል አቋርጣ የወጣች ናት፤ ያገኘችውን ግን አትለቅም። ዕቃ ስታጥብ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ የቀኖቹን ቁጥር እንደ መዝሙር ትለዋለች፦ "ቅዳሜ ስምንት፣ እሑድ ሰባት፣ ሰኞ ስድስት፣ ማክሰኞ አምስት፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ ሦስት…" አንድ ቀን ከሳንቃው ማዶ የዙለይካ ድምፅ ተቀበላት፦ "ዓርብ ሁለት! ሰለቸን በቃ!" ሦስቱም ሳቁ። አበዛሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው የሳቀበትን ሌላ ቀን ለማስታወስ ሞክራ አቃታት።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን የሚያሻግራት ደላላ ሻሼን ጠራት። አበዛሽ ያላት ስልክ ከመደወል ሌላ የማይሠራ አሮጌ ስለሆነ፣ ሻሼ የዙለይካን ቁጥር ቀሚሷ ጠርዝ ላይ በክር ጠለፈችው። በሩ ላይ ግራ እጇን ከፍታ አሳየቻት፤ አሥራ ዘጠኙን ሁሉ ይዣለሁ እንደማለት። ሚኒባሱ ጥግ ሲዞር አበዛሽ ወደ ቤት ገባች። አልጋው ላይ ያለው አንሶላ ጥግ በጥግ ተስተካክሎ ታጥፏል፤ እሷ እንዳስተማረቻት።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደ ልማዷ ወረቀቱን ዘርግታ ተቀመጠች። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ዘመነ ማቴዎስ። ሃያ ላይ አሥራ አንድ፣ ሠላሳ አንድ። ሠላሳው ተጥሎ አንድ። መጥቅዕ ሃያ ዘጠኝ። ከአሥራ አራት ስለሚበልጥ መስከረም። መስከረም ሃያ ዘጠኝ ረቡዕ ይውላል፣ ረቡዕ አራት አለው። ሃያ ዘጠኝና አራት፣ ሠላሳ ሦስት።

እጇ እዚያ ላይ ቆመ።

ግራ እጇን አነሳች። የዘንድሮው ቦታ የቀለበት ጣቷ የታችኛዋ አንጓ ናት፤ የጸሐዬ ቀለበት የነበረባት። በ1998፣ እሱ በሞተ ዓመት፣ እዚችው አንጓ ላይ ነበረች። በ1979 እዚች ላይ ሆና ምን እንደሆነች አታስታውስም፤ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። በ1960 ግን ታስታውሳለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሃያ ዘጠኝና አምስት ደምራ፣ ሠላሳውን ጥላ፣ "ጥር አራት!" ብላ ጮኸች። አባቷ ዘይቱን እያንጠባጠበ ቀና ሳይል፦

"ጥር አራት ምን ቀን ይውላል?"

ቆጠረች። "ቅዳሜ።"

"ነነዌ ቅዳሜ ትገባለች?"

ነነዌ የምትገባው ሰኞ መሆኑን የማያውቅ ሕፃን የለም። አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው ጣሳውን አስቀምጦ አንጓዋን የያዘላት። "እዚህ ላይ ሠላሳው አይጣልም፣ ልጄ። ጥር ሲሞላ ወር ያሻግርሻል። የካቲት አራት በዪ።"

አበዛሽ ይህን ለሻሼ አልነገረቻትም። የ2016 ስሌት ይህን መሻገሪያ አልጠየቀም፤ አሥርና ስምንት አሥራ ስምንት ብሎ በሰላም አለቀ። ጭራሽ ደግሞ፣ ጣዪው፣ ዞረሽ አትዪው አለቻት። አሁን ያቺ ልጅ በሕይወት ካለች፣ የሰው አገር ኩሽና ውስጥ ሆና ሠላሳውን ትጥልና ጥር ሦስት ትላለች። ከዚያ ተነስታ ዐቢይ ጾምን ትቆጥራለች፣ ከዚያ ፋሲካን። ዓለም ሁሉ በጾም እያለ እሷ ብቻዋን፣ ማንም ሳያያት፣ ፋሲካ ነው ብላ ትፈታለች። አስተማሪዋ አበዛሽ ናት። ያስተማረችውም እሷን ብቻ ነው።

ወረቀቱን ጨርሳ ለጠፈች። ሰዎች የመጨረሻዋን መስመር ፎቶ አነሱ።

"አላህ ልቧን ነው የሚያየው እንጂ ጣቷን አይደለም" አለቻት ዙለይካ ስትሰማ።

"ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።"

"አንቺ? አንቺ ዝንብ አሳስተሽ አታውቂም!"

"ደወለ ያ ስልክሽ?"

"አልደወለም። ሲደውል ቆርቆሮውን እየደበደብኩ ነው የምመጣው።"

በዚያ ሳምንት አበዛሽ በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች። ካርቲየ ሰባት፣ ወደ ማዶ የሚሻገሩ ልጆች የሚያርፉበት ሻይ ቤት ሄደች። ወንዶች ጫት ይዘው በተደረደሩበት መግቢያ በኩል ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ አለፈችና ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ሻሼ የምትባል የወልድያ ልጅ ካገኛችሁ፣ ሠላሳው አይጣልም፣ ወር ያሻግራል፣ ወደ የካቲት፣ በሉልኝ አለች።

ልጆቹ ተያዩ። አንዱ ሳቀ። "እማማ፣ እኛ ነገ የት እንደምናድር አናውቅም፣ እርስዎ የየካቲቱን ይነግሩናል?"

"ባሕሩ ሰፊ ነው፣ አረቡ አገር ከዚያ ይሰፋል" አለ ሌላው፤ እሱ እንኳ የተናገረው በትሕትና ነበር።

ሄደች ግን፣ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄደች። መልእክቱ ስሌቱን ለማያውቅ ሰው ትርጉም እንደሌለው ስለገባት፣ ከሥሩ ጀምራ ታስረዳቸው ገባች፤ እጃቸውን እየያዘች፣ አንጓ በአንጓ፣ መሻገሪያውንም ጨምራ። አብዛኞቹ ለአክብሮት ያህል ይሰሟታል። ቡልቻ የሚባል የአርሲ ልጅ ብቻ ከልቡ ያዘው። ሙስሊም ነው፣ ነነዌንም አይጾምም።

"ለምን አሥራ ዘጠኝ ሆነ?" አላት።

የፀሐይንና የጨረቃን እርቅ ነገረችው። ቡልቻ የሻዩን ብርጭቆና የስኳሩን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ እያዞረ ብዙ ቆየ። "እነዚህ ሳይነጋገሩ ነው የሚገናኙት?" አለ በመጨረሻ፣ እየሳቀ። አበዛሽ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚጠይቀውን እያሰበች መጣች። ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ቡልቻ ሐሙስ ወደ ኦቦክ አለፈ አሏት።

እንዲህ ሆኖ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርና ታኅሣሥም። የተማሩት ሁሉ ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚናገር የለም። ገና መጣ፣ አለፈ። ጥር ሦስት ቅዳሜ ደረሰ። ዙለይካ ዳቦውን ይዛ ስትመጣ አበዛሽ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። መጾም አትችልም፣ ቅዳሜ ነው፣ አይጾምም። መብላትም አልቻለችም። ዳቦውን ተቀብላ በጨርቅ ሸፈነችው። ቀኑን ሙሉ፣ የመንገዱን ፍየሎች ካርቶን ሲበሉ እያየች፣ አሁን ያቺ ልጅ ጾማ በባዶ ሆዷ ትሠራለች ብላ አሰበች። ወይም ባሕሩ… እሱን አላሰበችውም።

ጥር አሥራ ስድስት፣ ዓርብ፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ተደበደበ።

"አበዛሽ! አበዛሽ ያ ኡክቲ፣ እህቴ! መጣልሽ!"

ዙለይካ እጇ በሊጥ እንደተነከረ ስልኩን በክርኗና በደረቷ መሐል ይዛ ገባች። አበዛሽ መነጽሯን ፈለገች፤ ለመስማት መነጽር እንደማያስፈልግ ዘንግታ። ዙለይካ የድምፅ መልእክቱን በአፍንጫዋ ጫፍ ነክታ ከፈተችው።

መጀመሪያ የውኃ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሹክሹክታ፦

"እማማ፣ ሻሼ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ባሕሩን በሰላም ተሻገርን። ሰዎቹ ለጁምዓ ወጥተዋል። ትንሿ የማዳም ልጅ ናት ስልኳን የሰጠችኝ፣ ቶሎ ልበል። ቀን አልጣልኩም፣ ክር ላይ እየቋጠርኩ ነው። ነነዌን አወጣኋት፣ ጥር ሦስት መጣብኝ። ብቆጥር ቅዳሜ! እናቴ ቤት ነነዌ ሰኞ እንጂ ቅዳሜ ገብታ አታውቅም። ሦስት ቀን አሰብኩ። በኋላ ያንን የጣልኩትን ሠላሳ መልሼ አነሳሁት። ጥር ራሱ ሠላሳ አይደል? ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው። የካቲት ሦስት አልኩ፤ እሱ ሰኞ ነው። ልክ ነኝ እማማ? አይመልሱልኝ፣ እንዳይመልሱልኝ፣ ልጅቷ ላይ ጣጣ ይመጣል…"

ውኃው ተዘጋ። መልእክቱም አለቀ።

ደግመው ሰሙት። ከዚያ በኋላ ዙለይካ ሊጡን ከጣቷ እየፋቀች፦

"ልክ ናት?"

"ልክ ናት።"

"ታዲያ ንገሪያት እንጂ!"

"አይመልሱልኝ ብላለች።"

ዙለይካ ስልኩን አየች፣ አበዛሽን አየች። "ዘይቴ" አለችና ወጣች።

አበዛሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልክ ነሽ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፤ የምታደርስበት አጣች። አባቷ ስትሳሳት አጠገቧ ቆሞ ነበር። ይቺ ልጅ ብቻዋን ተሳስታ፣ ብቻዋን ደረሰችበት፤ ልክ ይሁን አይሁን ግን እስካሁን አታውቅም። ቬንቲላተሩ ይዞራል። ከማዶ የሳምቡሳው ዘይት ይንጫጫል።

የካቲት ሦስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዙለይካ ዳቦውን ገምሳ መጣች። አበዛሽ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ለቅዳሴ ልትወጣ ነበር።

"ዛሬ አልበላም" አለቻት።

"ገባች?"

"ገባች።"

ዙለይካ ዳቦውን መልሳ በሻርቧ ጠቀለለችው። ለመሄድ ዞራ እንደገና ቆመች።

"ያቺስ?"

አበዛሽ የቀለበት ጣቷን የታችኛዋን አንጓ በአውራ ጣቷ ያዘች።

"ያቺም ገብታለች" አለች።